«አንዱን ተበደር» ወይስ «አሥሩን ዘርዝር»?

ይህን ጋዜጣ ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጮክ ብሎ ያንብብለት። ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያለው ደግሞ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጥ። የምንነጋገረው ስለ ልጆቻችን የሂሳብ ትምህርት ነው።

እስቲ ልጁን 52 ሲቀነስ 27 ስንት እንደሆነ ጠይቁት። ልጁ ቁጥሮቹን አንዱን ከአንዱ በታች ይጽፍና «35» ሊላችሁ ይችላል። ከየት አመጣው? ከሁለት ላይ ሰባት አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከሰባት ላይ ሁለት ቀነሰ፤ አምስት። ከአምስት ላይ ሁለት፤ ሦስት። ይኸውላችሁ ሠላሳ አምስት። ይህ በየአገሩ የሂሳብ መምህራን ዘወትር የሚያዩት የታወቀ ስሕተት ነው።

ሌላው ልጅ ደግሞ ትክክለኛውን መልስ 25ን ያወጣል። «ጎበዝ! እንዴት አገኘኸው?» በሉት። «ከጎረቤት አንድ ተበደርኩ» ይላችኋል። «ለምን ተበደርክ? የተበደርከው አንድ ከሆነ ሁለቱ ሦስት መሆን ሲገባው እንዴት አሥራ ሁለት ሆነ? ብድሩንስ መቼ ነው የምትመልሰው?» ስትሉት ግን ዝም ይላል። ቢናገርም «እንዲህ አድርጉ ስለተባልን ነው» ከማለት አያልፍም።

የመጀመሪያው ልጅ መሳሳቱን ሁላችንም እናያለን። ሁለተኛውን ግን እናጨበጭብለታለን፤ ደብተሩ ላይ የትክክል ምልክት ይደረግለታል፤ ወደሚቀጥለው ክፍልም ያልፋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይበልጡን ይሄ ሁለተኛው ልጅ ነው። ምክንያቱን ሳያውቅ የያዘው ሥርዓት አንድ ቀን ሲጠፋበት የሚመለስበት መንገድ የለውም። የመጣበትን ዱካ ያላየ መንገደኛ ማለት ነው።

አሁን ያንኑ ልጅ ወደ ገበያ እንላከው። በኪሱ አምስት ባለ አሥር ብርና ሁለት ባለ አንድ ብር አለ፤ በጠቅላላው 52 ብር። ለባለ ሱቁ የሚከፍለው 27 ብር ነው። ልጁ ሁለት ባለ አሥሮችን ይሰጣል። ሰባት ብር ይቀርበታል፤ በእጁ ያለው ዝርዝር ግን ሁለት ብር ብቻ ነው። ታዲያ ምን ይላል? «አሥር ብር ዘርዝርልኝ» ይላል! አንዱ ባለ አሥር በአሥር ባለ አንድ ይዘረዘራል፤ ከነበሩት ሁለት ጋር አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ሰባቱ ተከፍሎ አምስት ይተርፋል። ከባለ አሥሮቹም ሁለት ይቀራሉ። ሃያ አምስት። እዚህ ውስጥ ብድር የሚባል ነገር የለም። ያበደረም የተበደረም የለም። የልጁ ሀብት መጀመሪያም 52 ብር ነበር፤ ከተዘረዘረም በኋላ ያው 52 ብር ነው። የተለወጠው መልኩ ብቻ ነው።

እንግዲህ አንባቢያን ሆይ፤ በትምህርት ቤት «መበደር» የሚለው ቃል የሒሳቡን ምሥጢር ይሸፍነዋል፤ በገበያ ያለው «መዘርዘር» የሚለው ቃል ደግሞ ይገልጠዋል። ለምንድን ነው ታዲያ ከራሳችን ኪስ ያለውን ቃል ትተን በውሰት ቃል ልጆቻችንን የምናደናግረው? ቃሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን «ዘርዝር» የተባለ ልጅ አንድ አሥር ማለት አሥር አንዶች መሆኑን፣ አንድ መቶም አሥር አሥሮች መሆኑን ይዞ ይሄዳል። ይህን የያዘ ልጅ መደመርም፣ ማባዛትም፣ አስርዮሽ ቁጥርም ሲመጣበት እንግዳ አይሆንበትም። «ተበደር» የተባለው ግን በየክፍሉ አዲስ ትእዛዝ እየጠበቀ ይኖራል።

ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። ሊፒንግ ማ የሚባሉ በቻይና አንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩ ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የ23 የአሜሪካና የ72 የቻይና የአንደኛ ደረጃ መምህራንን የሂሳብ ዕውቀት አስተያይተው ነበር። ስለዚሁ ስለ መቀነስ ሲጠየቁ አሜሪካኖቹ አብዛኞቹ «መበደር» ሲሉ፣ ከቻይናውያኑ ብዙዎቹ ከፍተኛውን ቁጥር «መበተን» አሉ። የእኛ «መዘርዘር» ማለት ነው።

ከዚያም ተመራማሪዋ ለመምህራኑ አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ አቀረቡላቸው፤ 1¾ ሲካፈል ለ½። ይህ ነገር እንዳያስፈራችሁ። ወደ እኛ ቤት እናምጣው። ሁለት ኩንታል ሊሞላ ሩብ የጎደለው ማሽላ አላችሁ እንበል። ግማሽ ኩንታል በሚይዝ ማዳበሪያ ብትሞሉት ስንት ማዳበሪያ ይሆናል? ጥያቄው ይኸው ነው። አንዱ ኩንታል ሁለት ማዳበሪያ ይሞላል፤ ግማሹ አንድ፤ ሩቡ ደግሞ የማዳበሪያ ግማሽ። ሦስት ማዳበሪያ ተኩል። በኪሎ ብታሰሉትም 175 ኪሎ በ50 ኪሎ ያው ነው። ከ23ቱ አሜሪካውያን ስሌቱን ጨርሰው ትክክለኛውን መልስ ያገኙት 9 ብቻ ነበሩ፤ ስሌቱን የሚገልጽ ልክ የሆነ ምሳሌ ያመጣው ደግሞ አንድ ብቻ። የቀሩት ብዙዎቹ ለግማሽ ማካፈልን ለሁለት ከማካፈል ጋር አደባለቁት። 72ቱ ቻይናውያን በሙሉ መልሱን አገኙ፤ ከመቶ 90 የሚሆኑትም እኛ አሁን በማሽላው እንዳደረግነው ያለ ተገቢ ምሳሌ ሊያቀርቡ ቻሉ።

አሁን ልብ በሉ። አሜሪካውያኑ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላቸው ነበሩ። ቻይናውያኑ ግን ዘጠነኛ ክፍል ያህል ተምረው ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት በመምህራን ማሠልጠኛ የቆዩ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው የትምህርቱ ዓመት ብዛት አልነበረም። ቻይናውያኑ ያንኑ ትንሽ የሚመስለውን የሕፃናት ሂሳብ ከሥሩ ያወቁት ነበሩ፤ በየትምህርት ቤታቸውም አብረው ቁጭ ብለው «ልጁ እዚህ ላይ ምን ያስባል? በየት በኩል ብናስተምረው ይገባዋል?» እያሉ ይመካከራሉ። የገጠር መምህር ነኝና ከኔ ምን ይጠበቃል የሚል ካለ ይህን ያስብ። ጥልቅ ዕውቀት የከተማ ዕቃ አይደለም።

ወደ ጀልዴሳ እንመለስ። ጀልዴሳን ብዙ ሰው ዛሬ ከድሬዳዋ ወጣ ያለች የቆላ ቀበሌ አድርጎ ብቻ ነው የሚያውቃት። (በወረቀት ቀበሌ ትባል እንጂ በአፋችን «ገበሬ ማኅበር» ማለቱ አልለቀቀንም፤ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።) ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ሳትኖር ግን ጀልዴሳ ነበረች። ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያልፍባት የቀረጥ ኬላ ነበረች። በረሃውን የሚያቋርጠው ግመል ጭነቱን እዚያ ያራግፋል፤ ወደ ሐረር ተራራ የሚወጣው ጭነት በሌላ ከብት ይጫናል። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ሐዲዱ ዞረና የጀልዴሳ ገበያ ቀዘቀዘ።

ይህን ያነሣሁት ታሪክ ለማውራት ብዬ አይደለም። ያን ሁሉ ጭነት ያሰላ ማን ነበር? ስንት ግመል ስንት አህያ እንደሚተካው፣ የፈረሱላው ሚዛን ስንት እንደሆነ፣ ማርትሬዛው ሲመነዘር ስንት እንደሚመጣ፣ ለኬላው ስንት ለመንገድ ጠባቂው ስንት እንደሚከፈል የሚያሰላው ሰው በአብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ ነበር። ፊደል አልቆጠረም ማለት ቁጥር አላወቀም ማለት አይደለም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም እንደዚሁ ነው። ዘመቻው ማንበብን፣ መጻፍንና ሂሳብን ይዞ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዶ በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሷል። ከፊደል ገበታው ፊት የተቀመጠው ጎልማሳ ገበሬ የፍየሉን ዋጋ፣ የእህሉን ስፍር፣ የዕቁቡን ዙር በልቡ ሲያሰላ የኖረ ነው። የጎደለው ያን በወረቀት ማስፈሩ ነበር። የዛሬው ልጃችን ግን የተገላቢጦሽ ሆኗል፤ በወረቀት ያሰፍራል፣ በልቡ የለም።

በጀልዴሳ አካባቢ ደግሞ ሌላ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ፤ እሱም ቋንቋ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመማር መብት አላቸው፤ በድሬዳዋም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቁጥር በየቋንቋው አንድ ዓይነት አይነገርም። አማርኛ ተናጋሪው «ሃያ አምስት» ይላል። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ዲግደሚ ሸን» ይላል፤ እሱም ሃያውን ያስቀድማል። ሶማሊኛ ተናጋሪው ግን ብዙ ጊዜ «ሸን ኢዮ ለባተን» ይላል፤ አምስት እና ሃያ ማለት ነው። አምስቱ ቀድሞ ተሰማ። እንግዲህ ልጁ እንደ ሰማው ቅደም ተከተል ቢጽፍ ምን ይጽፋል? 52! ይህ ልጅ ደንቆሮ ነውን? በፍጹም። ጆሮው የሰማውን በታማኝነት የጻፈ ልጅ ነው። መምህሩ ይህን ካላወቀ «ስንት ጊዜ ልንገርህ!» ብሎ ይቆጣዋል፤ ልጁም ሂሳብ አይሆንልኝም ብሎ ገና በአንደኛ ክፍል ተስፋ ይቆርጣል። መምህሩ ካወቀ ግን ሁለት እስር እንጨት፣ አምስት ነጠላ እንጨት አስይዞ «አፍህ ከየትኛው ይጀምራል? እጅህስ ከየትኛው ይጽፋል?» ብሎ በአንድ ቀን ይፈታዋል።

አማርኛ ተናጋሪውም ከዚህ አያመልጥም። «መቶ አምስት ጻፍ» ሲባል 1005 የሚጽፍ ልጅ አጋጥሟችሁ አያውቅም? መቶን 100 ብሎ ጻፈ፤ አምስትን አስከተለ። በግዕዝ ቁጥር ቢሆን እኮ ትክክል ነበር! ፻ ጽፎ ፭ ማስከተል ነው፤ ፻፭። የግዕዝ ቁጥር ለአሥሩም፣ ለሃያውም፣ ለመቶውም ለየብቻው ምልክት ስላለው ዜሮ አያስፈልገውም። ዛሬ የምንጠቀምበት ቁጥር ግን ከህንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ለዓለም የደረሰው ነው። በእርሱ አንድ አኃዝ ዋጋው የሚታወቀው በተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ዜሮም «በዚህ ቦታ አሥር የለም» እያለ ቦታ ይጠብቃል። የአባቶቻችንን ቁጥርና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርጎ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ቢያሳዩት፣ ዜሮ ምን ሥራ እንደሚሠራ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም። ወጪውም የጠመኔ ዋጋ ነው።

ስለ አባቶች ካነሣን አይቀር፤ በውጭ አገር የሂሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ዘዴ አለ። ሌሎች የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት ይሉታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1650 ዓመት ገደማ አሕሞስ የተባለ ግብፃዊ ጸሐፊ በፓፒሩስ ላይ ያሰፈረውም የዚሁ ዘመድ ነው። የስሙን ባለቤትነት ለጊዜው እንተወውና ዘዴውን እንየው። 13 ፍየል አንዱ በ2,500 ብር ሒሳብ ቢሸጥ ስንት ይመጣል? በአንድ ወገን ፍየሉን በግማሽ እየከፈላችሁ ሂዱ፤ የማይሞላውን ጣሉት። በሌላው ወገን ዋጋውን እጥፍ አድርጉ።

13 — 2,500
6 — 5,000
3 — 10,000
1 — 20,000

በግራ በኩል ሙሉ ቁጥር (ጥንድ) የሆነውን ሰርዙ፤ እዚህ የ6ቱ መስመር ይሰረዛል። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ደምሩ፤ 2,500፣ 10,000 እና 20,000። 32,500 ብር። ማባዛትን ያላወቀ፣ እጥፍና ግማሽ ብቻ የሚያውቅ ሰው ትልቅ ሒሳብ ሠራ።

አሁን ይህን ዘዴ ለልጅ እንዲሁ ብታስተምሩት አንድ ተጨማሪ «ተበደር» ጨመራችሁበት ማለት ነው። ለምን ይሠራል? የ6ቱ መስመር ለምን ተሰረዘ? በረት ግቡና ፍየሎቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አቁሟቸው። ስድስት ጥንድ ይሆናሉ፤ አንዲት ፍየል ለብቻዋ ትቀራለች፤ የእርሷ ዋጋ 2,500 ነው፤ ያዙት። ስድስቱን ጥንዶች ደግሞ ሁለት ሁለት አጣምሩ፤ ባለ አራት አራት ሦስት መንጋ ይወጣል፤ ተርፎ የቀረ ጥንድ የለም፤ ስለዚህ ከ5,000ው መስመር የሚያዝ የለም። ሦስቱን መንጋ አጣምሩ፤ አንድ ባለ ስምንት ይሆንና አንድ ባለ አራት ይቀራል፤ የእርሱ ዋጋ 10,000፤ ያዙት። በመጨረሻ ባለ ስምንቱ፤ 20,000። አንድ፣ አራት፣ ስምንት፤ አሥራ ሦስት ፍየል። ምንም አስማት የለበትም። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚባለው መኪና በውስጡ የሚያሰላው በዚሁ በሁለት በሁለት እየጠቀለለ ነው። ይህን በረት ውስጥ ያየ የጀልዴሳ እረኛ ልጅ ሂሳብ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው ብሎ የሚፈራበት ምክንያት አይኖርም።

«ታዲያ በቃል መያዝ ይቅር ትላለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልልም። የማባዛት ሠንጠረዥ በቃል መያዝ አለበት፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት ነው ሲባል ጣት የሚቆጥር የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል። ጉዳዩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ያውቁታል። በቁርዓን ቤት ልጅ በመጀመሪያ ይሸመድዳል፤ ሊቅ የሚባለው ግን የሸመደደውን ተፍሲሩን የተማረው ነው። በአብነት ትምህርት ቤትም ንባብ አለ፤ ከንባብ በኋላ ትርጓሜ አለ። በንባብ ብቻ የቀረ ሰው መምህር አይባልም። በሂሳብ ላይ ሲሆን ምነው ንባቡ ይበቃል አልን? እንዲያውም በሂሳብ ትርጓሜው ቢቀድም ይቀላል፤ 7 ሲባዛ በ8 ሰባት ረድፍ ባለ ስምንት ጠጠር መሆኑን ደርድሮ ያየ ልጅ ቢረሳው እንኳ ከ7 ሲባዛ በ7 ተነሥቶ፣ 49 ላይ 7 ጨምሮ 56 ይደርሳል። ያላየው ልጅ ከረሳ ረሳ ነው።

ሁለተኛው ክርክር የመምህራኑ ነው፤ እውነትም አለበት። «ክፍሉ የታጨቀ ነው፤ መጽሐፉ ወፍራም ነው፤ ለአንድ መቀነስ ሳምንት ሙሉ እንጨት ስናስር ብንውል መቼ እንጨርሳለን? ተቆጣጣሪውስ ምን ይለናል?» ይላሉ። መምህራኑ ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ማን ጨረሰው? መምህሩ ጨረሰው፤ ልጆቹ ግን አልጨረሱትም። የቦታ ዋጋ ያልገባው ልጅ አራተኛ ክፍል ሲሄድ የአራተኛ ክፍሉ መምህር እንደገና ከዚያው ይጀምራል፤ የአምስተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛ ክፍል የቆጠብናት ሳምንት በየዓመቱ በአራጣ ትከፈላለች። ይህ ነው እውነተኛው ብድር።

ዕዳው በመጨረሻ የሚታየው በአገር አቀፍ ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸውን ትምህርት ሚኒስቴር ገልጿል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ስለ ፈተናው አሰጣጥና ስለ ኩረጃ ተከራከረ። ተገቢ ክርክር ነው። ሆኖም 12ኛ ክፍል የወደቀ ልጅ ሁሉ የወደቀው 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም። ከፊሉ 52 ሲቀነስ 27 ላይ ነው የወደቀው፤ የትክክል ምልክት ተደርጎለት ስላለፈ አላየነውም እንጂ።

ፈተናውም ባይኖር ገበያው አለ። ሚዛን ላይ የቆመ ነጋዴ «ኩንታሉ ይህን ያህል፣ ለጆንያው ይህን ያህል ቀንሼ፣ ለማራገፊያ ይህን ያህል» እያለ በፍጥነት ሲያሰላ፣ «ቆይ፤ እንዴት አመጣኸው? ዘርዝርልኝ» ለማለት የሚደፍር ልጅ ያስፈልገናል። ይህን የሚደፍረው በክፍል ውስጥ «እንዴት አመጣኸው?» መባልና ማለት የለመደ ነው። መልስ ብቻ ሲቀበል ያደገ ልጅ የነጋዴውንም መልስ ይቀበላል። የብድር ወለድም፣ የማዳበሪያ ዋጋም፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የትርፍ ድርሻም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? በመጀመሪያ፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ የልጁን ደብተር ማረም አልችልም ብሎ እንዳይተወው። እናት ከምድጃው አጠገብ ሆና «ይሄን እንዴት አወቅኸው? አሳየኝ» ብላ ለመጠየቅ ፊደል አያስፈልጋትም። ጠጠርና የማሽላ አገዳ አለ። ልጁ ለእናቱ ማስረዳት ካቃተው አልገባውም ማለት ነው፤ ነገ መምህሩን እንዲጠይቅ ትላከው። ልጁ መልሱን ሲስት ከመቆጣት በፊት በየት በኩል እንደ ሄደ ይጠየቅ፤ 52 የጻፈው ልጅ ምክንያት እንደ ነበረው አይታችኋል።

የሂሳብ ትምህርት እንደ መሰላል ነው፤ አንድ እርከን የጎደለበት ወደሚቀጥለው አይዘልም። ስለዚህ ልጃገረዷን በሳምንት ሁለት ቀን ጀሪካን አስይዞ ውኃ መስደድ ሁለት ቀን ማስቀረት ብቻ አይደለም፤ እርከኑን መስበር ነው። በታሪክ ትምህርት የቀረችበትን ከጓደኛዋ ደብተር ገልብጣ ልትይዘው ትችላለች። በሂሳብ ግን የተገለበጠ ደብተር ምንም አይናገርም። ይህን ለወንዶቹ አባወራዎች ነው የምናገረው፤ ሴቶቹ ያውቁታል።

ከዚያም የወላጅና መምህራን ኅብረት አለ። ኅብረቱ ስለ አጥርና ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ ብቻ የሚሰበሰብ መሆን የለበትም። መምህራኑ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አብረው ተቀምጠው የልጆቹን ስሕተት እያዩ እንዲመካከሩ ጊዜ ይሰጣቸው፤ ለዚህም ርእሰ መምህሩ ይጠየቅ። በገበሬ ማኅበሩ ውስጥ በልብ ስሌት የታወቀ አዛውንት ወይም ነጋዴ ሴት አይጠፋም፤ አንድ ቀን ወደ ክፍል ይጋበዙና እንዴት እንደሚያሰሉ ለልጆቹ ያሳዩ፤ መምህሩም ያንኑ በሰሌዳው ላይ በጽሑፍ ያስፍረው። በሦስቱም ቋንቋ ቢሆን የበለጠ ያምራል።

ለሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባም አንድ ሒሳብ ይዛችሁ ሂዱ፤ 403 ሲቀነስ 58። አራት ባለ መቶ ብር፣ ባለ አሥር የለም፣ ሦስት ባለ አንድ ብር ማለት ነው። መምህሩ አንድ ልጅ አስነሥቶ በእናንተ ፊት በሰሌዳው ላይ ያሠራው፤ ልጁም እየሠራ ይናገር፤ የትኛውን ብር እንደ ዘረዘረ፣ በስንት በስንት እንደ ዘረዘረ፣ ዝርዝሩንም የት እንዳኖረ። ባለ አሥሩ ከሌለበት ቦታ ሲደርስ የሚለውን በደንብ አድምጡ።